ብቅል የከረመበት የእንጉዳይ ክፍል

በእኛ ሰፈር የዩኒቨርስቲ ትምህርት ሦስት ዓይነት ብቻ ነው፤ ዶክተርነት፣ ኢንጂነርነት እና "ብቻ አንድ ነገር"። "የእነ እንትና ልጅ ዩኒቨርስቲ ገባች" ይባላል። "ምን ልታጠና?" ተብሎ ሲጠየቅ፣ መላሹ እጁን ወደ ላይ ወርወር ያደርግና "እኔ እንጃ፣ ብቻ አንድ ነገር ነው" ይላል። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተነስታችሁ እስከ ካዛንቺስ በእግራችሁ ብትሄዱ፣ በየግቢው ብቻ-አንድ-ነገር ያጠና ልጅ አታጡም። አንዳንዱ በር ላይ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። ሥራ እየፈለገ ነው።

ይህን የምለው ከስምንተኛ ክፍል ያልዘለቅኩ ልጅ መሆኔን ሳልረሳ ነው። ስምንተኛንም ያለፍኩት በጭንቅ ነው። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም፤ እጅ ማውጣት ስለማልችል ነው። አስተማሪ ስሜን ጠርቶ እኔ አቤት እስክል ድረስ ሌላ ልጅ መልሶ፣ ተጨብጭቦለት፣ ተቀምጦ ይሆናል። ከዚያ አክስቴ ሱቋ ውስጥ ሰው ያስፈልጋት ነበርና ቀረሁ። ሱቅ ደግሞ ለዓይን አፋር ጥሩ ቦታ ነው። ሰው የሚፈልገውን ራሱ ይናገራል።

ዓይን አፋርነትን ሰዎች ጨዋነት ነው ይላሉ። አክስቴን "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ አለችሽ" የማይላት የለም። ጨዋ የሚሉኝ እምቢ ስለማልል መሆኑን የምታውቁት እናንተና እኔ ብቻ ነን። እሺ ለማለት እኮ አፍ መክፈት እንኳን አያስፈልግም፤ ራስን ወደ ታች ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል። እምቢ ግን ድምፅ ይፈልጋል። እኔ ያ ድምፅ በሚያስፈልገኝ ሰዓት አልነበረኝም። በዚህ ምክንያት አንዲት አራት ዓመት የተማረች ሴት ራሷ ምንም ያልተማረች መሰላት።

ሴትየዋ መቅደስ ናት፤ እኛ መቅዲ እንላታለን። በግቢያችን ከታላቅ ወንድሟ ጋር ተከራይታ የምትኖር፣ ክፍለ ሀገር ዩኒቨርስቲ ባዮሎጂ ያጠናች። ከባዮሎጂም በተለይ በዐይን የማይታዩትን ጥቃቅን ነገሮች። ተመርቃ የመጣች ሰሞን ግቢው ሳይመካከር በአንድ ድምፅ "ዶክተር" አላት። ጉልበቱን የሚያመው ሱሪውን ጠቅልሎ መጣ። ልጇ የሚያስላት ልጇን አዝላ መጣች። መቅዲ አንድ በአንድ ትመልሳቸዋለች።

እማማ ዘነቡ፣ የጀርባ ሽፍታቸውን ሊያሳዩ የመጡ ጎረቤታችን፣ ግን በቀላሉ የሚመለሱ ሴት አይደሉም።

"እኔ ሐኪም አይደለሁም እማማ፤ ማለቴ፣ የተማርኩት ሌላ ነው" አለቻቸው።

"የተማርኩት ስለ ሕይወት ነው አላልሽም እንዴ?"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ እኔ ሞቻለሁ?"

መቅዲ ሽፍታውን አየችላቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት ሱቅ አብራኝ ተቀምጣ ትምህርቷ ምን ምን እንደሚያሠራ ነገረችኝ። የምንጠጣው ውሃ ንጹሕ መሆኑን የሚመረምር ሰው አለ። ወተት ፋብሪካ ውስጥ ናሙና እየወሰደ የሚያይ አለ። ክትባት የሚሠራ፣ የስንዴ በሽታ የሚያጠና፣ ከአንዲት ጸጉር ተነስቶ የማን እንደሆነች የሚናገር ሁሉ አለ። ስትናገር እጇ አያርፍም፤ የአክስቴን ብስኩት ሁሉ ከመደርደሪያው እያነሳች በምን እንዳይሻግት እንደተደረገ አሳየችኝ። እኔ ዝም ብዬ እየሰማሁ በልቤ ሁሉንም ሆንኩ። ውሃ መርማሪም፣ ወተት ቀማሽም።

አብረዋት የተመረቁት የት እንዳሉ ግን የነገረችኝ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ ነው። አንዱ ገጠር ያስተምራል። አንዷ ባንክ ገብታ መስኮት ላይ ተቀምጣለች። ሜክሲኮ የስልክ ሽፋን የሚሸጥም አለ፤ ከሁላቸውም ቀድሞ ሥራ የያዘው እሱ ነው። አንድ ልጅ ብቻ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ገብቷል፤ ስሙን ሲያነሱ እንደ ታቦት ነው የሚያነሱት። እሷ የምታያቸው የሥራ ማስታወቂያዎች ሁሉ የሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃሉ። ልምዱን ከየት እንደሚያመጡት የሚናገር ማስታወቂያ ግን አላጋጠማትም።

ዓመት ሲሞላት ሥራ መፈለግ ሰለቻትና ሥራ ልትፈጥር ተነሳች። እንጉዳይ ልታበቅል። ልጆች ሆነን የጅብ ጥላ እያልን በእግራችን የምንመታውን ማለት ነው፤ ይህኛው ግን የሚበላው ነው። አክስቴ ከግቢው ጀርባ ያለችውን መስኮት የሌላት ዕቃ ቤት ሰጠቻት። ወንድሟ አልተደሰተም። ሜክሲኮ አንድ የቤት ሽያጭ ቢሮ ውስጥ ሥራ አግኝቶላት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ስልክ እየደወሉ ሰውን ቤት ግዛ ማለት ነው።

"እስከ ጾሙ መግቢያ ታገሰኝ" አለችው። "እሱ ካልሆነ፣ በቃ፣ እገባልሃለሁ።"

ለጾሙ የቀጠረችው ያለ ምክንያት አይደለም። ከኡራኤል ጀርባ ያለ አንድ ሆቴል የወጥ ቤት ኃላፊ፣ በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት አምስት ኪሎ አምጪና ልየው፣ ከወደድኩት በየሳምንቱ እወስዳለሁ ብሏት ነበር። የመቅዲ ነገር ሁሉ በዚያ አምስት ኪሎ ላይ ተንጠለጠለ። አምስት ኪሎው ከተገኘ በተማረችው ትኖራለች፤ ካልተገኘ ስልክ ትደውላለች።

አሠራሩን ላሳጥርላችሁ። ገለባ ይከተከታል፣ ይነከራል፣ በበርሜል ይቀቀላል። ሲቀዘቅዝ ከእንጉዳዩ ዘር ጋር ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይጠቀጠቅና ጨለማ ክፍል ውስጥ በገመድ ይሰቀላል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ዘሩ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነጭ ክር ያወጣና ገለባውን ቀስ እያለ ይወርሰዋል። ሁሉ ነጭ ሲሆን ከረጢቱ ይቀደድና እንጉዳዩ ጆሮውን ያወጣል። አርባ ከረጢት ሰቀልን። "ሰቀልን" ያልኩት እኔም ገመድ ስለያዝኩ ነው።

መቅዲ ቀን ቀን ማመልከቻ ይዛ ስለምትዞር ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ። ሥራዬ ጠዋትና ማታ ወለሉን ውሃ መርጨት፣ ሙቀት መለኪያውን አንብቤ ደብተሯ ላይ መጻፍ ነበር። ከመግባቴ በፊት እጄን በሳሙና እታጠባለሁ፣ በአልኮል አሻለሁ፣ በር ላይ የተቀመጠውን ነጠላ ጫማ አጠልቃለሁ።

"ሌላ ሻጋታ ከገባ ዘሩን ቀድሞ ገለባውን ይበላበታል" አለችኝ። "በሰው እጅ ይገባል፣ በልብስ ይገባል፣ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ በእርጥብ እህል ይገባል። ስለዚህ ሂሩት፣ ማንም ሰው። አክስትሽም ብትሆን።"

ራሴን ነቀነቅኩ። እሺ ነው።

ብታምኑም ባታምኑም፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ጥያቄ እጠይቅ ነበር። ጨለማ ስለሆነ ይሆናል። "ድሩ ገለባውን በምን አፉ ነው የሚበላው?" ብዬ ጠየቅኳት አንድ ቀን። መቅዲ የያዘችውን ከረጢት አስቀምጣ አየችኝ። "ይሄን እኔ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው የጠየቅኩት" አለች። ያን ዕለት ማታ ዘጠነኛ ክፍል ስመዘገብ፣ ስሜ ሲጠራ፣ አቤት ስል አየሁ። በሐሳቤ ነው እንግዲህ።

በሁለተኛው ሳምንት መቅዲ ለአንድ የሥራ ፈተና ሐዋሳ ሄደች። ዘመዶቿ ጋ አራት ቀን ልትሰነብት ነው። በሄደች ማግስት እማማ ዘነቡ ወደ ጀርባ መጡ።

እማማ ዘነቡ እኛ ግቢ የመጡት ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ከፈረሰ በኋላ ነው። አርባ ዓመት አብረዋቸው የጠጡት የማኅበር ሰዎች ከተማው ዳር ዳሩ ላይ ተበትነዋል። አሁን ተራው የእሳቸው ነበርና ከተበተኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም በአንድ ቤት ሊገናኙ ነው፤ በእሳቸው አንዲት ክፍል ውስጥ። ጠላው መናኛ ከሆነ፣ ሰዎቹ "ዘነቡ ከካዛንቺስ ስትወጣ እጇን እዚያው ጥላ መጣች" ይላሉ። ይህን እሳቸው ናቸው ያሉኝ። የገበያ ብቅል ደግሞ አያምኑም። ብቅል ማለት ገብስ ተነክሮ፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ሞቅ ያለ ጨለማ ውስጥ ሲሰነብት የሚበቅለው ነው። የድሮ ማድ ቤታቸው ለዚህ የተመቸ ነበር። እኛ ግቢ ያለው ሲሚንቶ ነው።

መዳፋቸውን የክፍሉ ግድግዳ ላይ አሳረፉ። ልክ የሰው ግንባር እንደሚነካ።

"ሂሩትዬ።"

"አቤት እማማ።"

"ይቺ ክፍል ውስጧ ጨለማ ነው አይደል?"

ነቀነቅኩ።

"እርጥበትም አላት።"

ነቀነቅኩ።

"እግዜር ለብቅል የሠራት ናት። ሦስት ቀን ብቻ ልጄ። ጥግ ላይ ነው የማኖረው፣ የማንንም ነገር አይነካም። መቅዲ ትቆጣ ይሆን?"

ያን ሰዓት ደጋግሜ አስበዋለሁ። ጥያቄው ከዚህ በላይ ቀላል ሊሆን አይችልም ነበር፤ መልሱን ራሳቸው አፌ ላይ አስቀመጡልኝ። "አዎ ትቆጣለች" ማለት ብቻ። "መቅዲ..." አልኩና ድምፄ እዚያው ቀረ። እማማ ዘነቡ ጠበቁኝ፤ ጠበቁኝና ቀሪውን እሳቸው ጨረሱት።

"እውነትሽን ነው፤ መቅዲ ጥሩ ልጅ ናት" አሉ።

ነቀነቅኩ።

የተነከረውን ገብስ በጆንያ እንደ ሕፃን አቅፈው ገቡ። ጫማ አልቀየሩም፣ እጅ አልታጠቡም። ታጠቡ ማለት ለእኔ ቆሻሻ ነዎት የማለት ያህል ነበር። ሲወጡ የረገጡትን በአልኮል ወለወልኩ። ጥግ ላይ አንድ ጆንያ እርጥብ ገብስ ተቀምጦ እኔ ወለል እወለውላለሁ።

በሦስተኛው ቀን ገብሱ ነጭ ጢም አውጥቶ፣ እርስ በርሱ ተቆላልፎ እንደ ምንጣፍ ሆነ። እውነት ለመናገር ያምራል። እማማ ዘነቡ ብቅላቸውን ይዘው ሲወጡ ግንባሬን ሳሙኝ። በማግስቱ መቅዲ መጣች፤ በሩን ከፍታ ቆም አለች። ክፍሉ እንደተቆረጠ ኪያር ይሸት ነበር።

"ምንድን ነው የሚሸተው?"

"ምንም" አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቶሎ የመለስኩት ጥያቄ የለም።

አረንጓዴው ሻጋታ የታየው ከሳምንት በኋላ ነው። መጀመሪያ ጥግ ያለችው ከረጢት ላይ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል። መቅዲ ከረጢቷን አውጥታ ጣለች። በማግስቱ ስድስት ሆኑ። ከዚያ መቁጠር ተወች። የቀሩትንም ሁሉ በጆንያ እያደረግን አወጣን፤ የመጨረሻውን ካስቀመጠች በኋላ በርሜሉ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። በትከሻዋ በኩል አነበብኩት። "ገለባው በቂ ሰዓት አልተቀቀለም። ስህተቱ የእኔ ነው።"

"አራት ዓመት ተምሬ" አለች ለበርሜሉ፣ "ገለባ መቀቀል ያቃተኝ።"

ሁለት ቀን በሯ ድረስ እየሄድኩ ተመለስኩ። አንድ ጊዜ እንዲያውም አንኳኩቼ "ማነው?" ስትል ሮጥኩ። ለራሴ የነገርኩት፣ ዝም ያልኩት እማማ ዘነቡን ላለማሳጣት ነው ብዬ ነው። ውሸቴን ነው። ያላሳጣሁት ራሴን ነው። በደብተሯ ላይ ለተጻፈው ስህተት ባለቤት ተገኝቶለት ነበር፣ እኔ ደግሞ ባለቤትነቱን መልሼ ለመጠየቅ ድፍረት አልነበረኝም። መቅዲ ለወንድሟ እሺ አለችው። በርሜሉን ለአክስቴ ውሃ ማጠራቀሚያ ሰጠቻት። ሥራ የምትጀምረው ሰኞ ነበር።

እሑድ የእማማ ዘነቡ ማኅበር ሆነ። ሰዎቹ ከየአቅጣጫው ሁለት ሦስት ታክሲ እየቀየሩ መጡ፤ ገና በር ላይ ሲተያዩ አንዳንዶቹ አለቀሱ። የምቀዳው እኔ ነበርኩ፣ ጨዋ ነኛ። ጠላው ገና እንደተቀመሰ፣ "ዘነቡ፣ እጅሽ አብሮሽ መጥቷል" አሉ አንድ ሽማግሌ። እማማ ዘነቡ ነጠላቸውን ዐይናቸው ላይ አደረጉ።

መቅዲ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሁለት ጊዜ ተጎነጨችና ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። ከአረንጓዴው ወዲህ ፊቷ እንደዚያ ሲበራ አላየሁም።

"እማማ፣ ይሄ እኮ የእኔ ትምህርት ነው" አለች።

"የቱ?"

"ጠላው። ገብሱ ሲበቅል ውስጡ ያለው ነገር ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራል። ከዚያ በዐይን የማይታዩት ይመጡና ስኳሩን ይበሉታል። ሞቅ የሚያደርገን የእነሱ ሥራ ነው።"

"ጋኔ ውስጥ ሠራተኞች አሉኝ በይኛ።"

"በጣም ብዙ።"

"ልምድ ሳልጠይቅ ነው የቀጠርኳቸው" አሉ እማማ ዘነቡ። ቤቱ ሳቀ፤ መቅዲም ሳቀች። "ለዚህ ነው አራት ዓመት የለፋሽው? መጥተሽ ብትጠይቂኝ በሦስት ቀን አስተምርሽ አልነበር?"

"ብቅሉ ነው ያሳመረው" አለች መቅዲ። "እዚህ ሲሚንቶ ላይ እንዴት አበቀሉት?"

ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

"አንቺው ክፍል ውስጥ ነዋ። አልነገረችሽም እንዴ? አንቺ ሐዋሳ እያለሽ ሦስት ቀን አስቀመጠችልኝ። ይቺን ልጅ እግዜር ይባርካት፣ ትዳሯን ያሳምርላት፣ ዕድሜ ይስጣት።" የማኅበሩ ሰው ሁሉ አሜን አለ። ለሠራሁት ጥፋት ሃያ ሰው ቆሞ አሜን ሲልልኝ አስቡት።

መቅዲ አየችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትጮህ ደግ ነበር።

"ስንት ቀን?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"ሦስት።"

ከቦርሳዋ ደብተሩን አወጣች። ነገ ቤት ልትሸጥ የምትሄድ ሴት ደብተሩን ለምን ይዛው እንደምትዞር አላውቅም። "ስህተቱ የእኔ ነው" የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችውና ከሥሩ "ክፍሉ ውስጥ እርጥብ ገብስ ሦስት ቀን ቆይቷል" ብላ ጻፈች። ማን እንዳስገባው አልጻፈችም። ደብተሩን ዘጋችና ብርጭቆዋን ወደ እኔ ዘረጋች። ቀዳሁላት። ግማሹ መሬት ፈሰሰ።

እውነቱ ታወቀ፤ ግን ዘግይቶ ነው የታወቀው። ዘሩ አልቋል፣ የሥራው ወረቀት ተፈርሟል፣ ጾሙ ሲገባ የወጥ ቤት ኃላፊው እንጉዳይ ከሌላ ሰው ወሰደ። ከሁለት ሳምንት በፊት ከአፌ ያልወጣች አንዲት "አዎ ትቆጣለች" አሁን ብትወጣ ለማን ትጠቅማለች?

ክፍሏ ግን ባዶ አልቀረችም። የማኅበሩ ሴቶች ያን ብቅል አንቺው አብቅዪልን፣ እንግዛሽ ብለው እማማ ዘነቡን ያዟቸው። አሁን በየሳምንቱ ይነክራሉ። በግቢያችን በሕይወት ሳይንስ የሚተዳደር ሰው ቢፈለግ፣ ፊደል ያልቆጠሩት እማማ ዘነቡ ብቻ ናቸው። መቅዲ ያስረዳቻቸው ነገር ደግሞ በደንብ ገብቷቸዋል፤ ሠራተኞቼን ሰው እንዳይረብሽብኝ ብለው ሳሙናና ነጠላ ጫማ በሩ ላይ አስቀመጡና ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። ከአንቺ የተሻለ ማን ያውቃል አሉ።

እምቢ ማለት ቻልኩ። የመጀመሪያዋን ለአክስቴ ነው ያልኳት፤ መጥረጊያ ልትወስድ መጥታ እጅሽን ሳትታጠቢ አይቻልም አልኳት። ደንግጣ ታጠበች። ወሬው ግቢውን ዞረ፤ "ያቺ ጨዋ ልጅ ምን ነካት?" ይባላል አሉ። ድምፁ አለኝ ማለት ነው። የሚጠበቀው እንጉዳይ በነበረ ጊዜ የት ሄዶ እንደነበር አላውቅም።

ባለፈው ዓርብ መቅዲ ከሥራ ስትመለስ ወደ ጀርባ መጣች። ቀኑን ሙሉ ስትናገር ስለምትውል ድምፅዋ ጎርነን ብሏል። የቢሮ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ ሳሙናውን አነሳች፣ እስከ ክርኗ ታጠበች። ከዚያ እንደ ተማሪ ሁለት እጇን ዘርግታ አሳየችኝ።

"ልግባ?" አለች። "ሙቀቱን ልየው ብዬ ነው።"

በሩን ከፈትኩላት። ሌላም የምነግራት ነገር ነበረኝ፤ እንደ ልማዴ ራሴን ነቀነቅኩ። እሱን እንግዲህ እንደምታዩት በጽሑፍ አደረግኩት።